ሚዛኑ የማያየው ሆድ

እሺ... ዛሬም ወደዚያችው የሆድ ዙሪያ ወደምንለካባት የልብስ ሰፊ ሜትር ልመልሳችሁ ነው። አልለቀቀችኝም።

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ አካባቢ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች አሉ አይደል? አንዱ ይወጣል፣ 74 ኪሎ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ከሆነ ቢኤምአዩ፣ ማለትም ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲመዛዘን የሚወጣው ቁጥር፣ 24 ነው፤ ከ25 በታች፣ ጤናማ የሚባለው ክልል ውስጥ። ደስ ብሎት ይወርዳል። ሆዱ ግን ሸሚዙን ገፍቶታል።

እዚህች ላይ ነው የምቆመው። «የሱሪ ቁጥሬ እኮ 34 ነው፣ ስንት ዓመቱ!» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቀበቶው ከሆድ ሥር ወርዷላ! የሚለካው እዚያ አይደለም። በጎን በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣት ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌ አጥንትን ጫፍ። ሜትሩ የሚዞረው መሃላቸው ላይ ነው፣ በልብስ ላይ ሳይሆን በገላ ላይ። ይንካ እንጂ አያጥብቅ፤ ከኋላ ወርዶ እንዳይሆን ሰው ይይላችሁ። ትንፋሽ አውጡና አንብቡ። ሆድ የሚሳበው እዚህች ሰከንድ ላይ ነው። ሁሉም ይስባል... እናንተ አትሳቡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ወንድ ከ94 ሴንቲ፣ ሴት ከ80 ካለፈ የበሽታ ስጋቱ ይጨምራል ይላል፤ 102 እና 88 ካለፈ ደግሞ በጣም። አንጀትን የከበበው ስብ ከቆዳ ሥር እንዳለው አይደለም፤ ቅባቱን ወደ ጉበት ይለቃል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ይጨምራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ጉልበት ያጣል፣ ስኳርም ግፊትም ይከተላሉ።

ግፊት ካልኩ አይቀር... ሲለካ ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ! ወፍራም ክንድ ላይ ትንሹን ካሰሩት ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። የክንዳችሁ ዙሪያ ከ34 ሴንቲ ካለፈ ትልቁን ጠይቁ፤ አትፈሩ። በሹራብ ላይ አይታሰርም። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር። በጠባብ ማሰሪያ ተለክቶ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ሊኖር እንደሚችል ሳስብ... ተውት፣ ሌላ ቀን።

ደስ የሚለው፣ 90 ኪሎ የሆነ ሰው ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 9 ቢቀንስ እንኳ ግፊቱም ስኳሩም ይሻሻላሉ። መጥፎው ኮሌስትሮል ግን በዚህ ብቻ ብዙ ላይወርድ ይችላል።

ግን እኛ ሰፈር «ወፈር ብለሃል፣ ተመችቶሃል» ማለት ፍቅር ነው። የቀነሰውን «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ነው የምንለው። ያንን ባለ 74 ኪሎ ሰውዬ ሜትር ይዤ ብጠጋው ምን ብዬ ልጀምርለት? ደስ ብሎት እኮ ነው የወረደው። እንጃ...