አዳራሹ መጨረሻ ነው የሚመጣው፦ አንድ ሀገር የጉባኤ ገበያ ውስጥ እንዴት ይገባል?

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ተመልሰን መጥተናል። ዛሬ ስለ ስብሰባ ነው የምናወራው። ቆይ ቆይ፣ ቪዲዮውን አትዝጉት! ስብሰባ ሲባል ገና ከስሙ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ግን የዛሬው እናንተ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ስልክ የምትነካኩበት ስብሰባ አይደለም፣ የሚሸጠውና የሚገዛው ስብሰባ ነው። አዎ፣ ስብሰባ ይሸጣል። ሀገራት ይሻሙበታል፣ አራት አምስት አመት ቀድመው ደጅ ይጠኑበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ የሙያ ዘርፍ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ እንበል፣ የልብ ሐኪሞች፣ የድልድይ መሐንዲሶች፣ የንብ ተመራማሪዎች፣ የፈለጋችሁትን በሉት። በየአመቱ ወይ በየሁለት አመቱ ጉባኤ ያደርጋል፣ ዘንድሮ እዚህ፣ ቀጥሎ ሌላ አህጉር። ሰው ይመጣል፣ ሆቴል ይሞላል፣ አስተርጓሚው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ባጅ አታሚው፣ ሹፌሩ፣ ዳስ ሰሪው ሁሉም ስራ ያገኛል። እና ይሄ ጉባኤ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሚኒስትር አይደለም፣ ማኅበሩ ራሱ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ስራው አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ፣ ኮመንት ላይ እንዳንጣላ።) በ1896 ዲትሮይት ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ ብድግ ብሎ ጻፈ፦ ከተማችን ከሩቅ ለስብሰባ የሚመጡ ሰዎች አሏት፣ ማንም ግን ጠርቷቸው አይደለም፣ በራሳቸው ነው የመጡት፣ ብንጠራቸውስ ምን ሊሆን ነው? የከተማዋ ነጋዴዎች ተሰባሰቡ፣ ማኅበር አቋቋሙ፣ ከዛ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ አንድ ሰው ቀጠሩ። አንድ ሰው! ስራው እየዞረ ስብሰባዎችን ወደ ዲትሮይት መጥራት ነው። ዛሬ ኮንቬንሽን ቢሮ የምንለው ነገር የተወለደው እንደዛ ነው። ልብ በሉ፣ በአዳራሽ አልጀመሩም፣ በሰው ነው የጀመሩት።

[ስክሪን ላይ፦ ባዶ ስታዲየም]

አሁን የምወዳትን ምሳሌ ላምጣ፣ እግር ኳስ። ማይወድ ሰው ካለ ሶስት ደቂቃ ይታገሰኝ።

አንድ ክለብ አስቡ። ፕሬዚዳንቱ ተነሳና "ትልቅ ክለብ መሆን አለብን" አለ። ጥሩ። ምን አደረገ? ስታዲየም ሰራ። 60 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚከፈት የሚዘጋ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተጨበጨበ። ከዛስ? ከዛማ ተጫዋች የለም። ስካውት፣ ማለትም ተጫዋች ፈልጎ የሚያመጣ ሰው የለም። ዝውውር የሚያውቅ ሰው የለም። ሳሩ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፣ መብራቱ ይከፈላል፣ ጥበቃው ደሞዝ ይበላል፣ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ጨዋታ የለም። እና ፕሬዚዳንቱ ምን ይላል? "ስታዲየሙ አነሰ መሰለኝ።" እየቀለድኩ አይደለም፣ ሀገራት በኮንቬንሽን ሴንተር፣ በትልልቅ የጉባኤ አዳራሽ ላይ ማለት ነው፣ ልክ ይሄንን ሲያደርጉ ታያላችሁ።

ጎበዝ ተጫዋች እኮ ክለብ የሚመርጠው የወንበሩን ቀለም አይቶ አይደለም። ማን ደወለለት? እዛ ቡድን ውስጥ የሚያውቀው ልጅ አለ ወይ? የስራ ፈቃዱ ቶሎ ያልቅለታል ወይስ ሶስት ወር ኤምባሲ ያመላልሱታል? የሚያውቀው ልጅ ያልኩት በጉባኤ ገበያ ውስጥ ማን ነው? የሀገሪቱ ፕሮፌሰር፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዓለም አቀፉ ማኅበር ውስጥ አባል የሆነው፣ ምናልባትም ቦርድ ላይ የተቀመጠው። "ወደኛ ሀገር ኑ" ብሎ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። ብዙ ማኅበር ጋ እንዲያውም የሀገር ውስጥ አባል ካልጠየቀ ሀገሪቱ መወዳደርም አትችልም። ሜዲካሉስ? ተጫዋቹ ከመፈረሙ በፊት ጉልበቱ እንደሚታየው ሁሉ ማኅበሩም ሰው ልኮ ቦታውን ያያል፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ ምክንያቱም በጣም ነው የሚያስቀው።

ደሞ ዋናው ነገር፣ በዚህ ገበያ ሁሉም ተጫዋች በውሰት ነው። ሁሉም! አራት ቀን ይጫወትልሃል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሌላ ክለብ ነው። ስለዚህ አንድ ኮከብ አስፈርመህ ለአስር አመት አትተኛም፣ በየአመቱ አዲስ ማምጣት አለብህ፣ ለዛ ደሞ የሚያስፈልግህ ሲሚንቶ ሳይሆን የማይተኛ የስካውት ክፍል ነው። በደንብ ከያዝከው ሄዶ ለሌሎቹ ያወራልሃል፣ ካጉላላኸውም ያወራብሃል። (የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልናገርም፣ ባለፈው ተናግሬ ኮመንት ሴክሽኑ ተቃጥሏል።)

እዚች ጋ ላይክ ብትጫኑ ደስ ይለኛል፣ ነፃ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የተመልካች ኮመንት]

ወደ ቢሮው ልገባ ነበር ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ኮመንት አለ፣ ላይኩ ከቪዲዮው ላይክ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። "ስብሰባ ማለት መንገድ መዘጋት ነው፣ ለህዝቡ ምን ጠቀመው?" ይላል። ከስሩ ደሞ ሁሉም "እውነት ነው" "እውነት ነው"። እሺ፣ እንነጋገርበት።

እናንተ የምታወሩት ስለ መሪዎች ጉባኤ ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ በጣም ሌላ። የመሪዎች ጉባኤ የት እንደሚሆን መንግስታት በፖለቲካ ይወስናሉ፣ አስተናጋጁ አብዛኛውን ወጪ ይሸከማል፣ መንገድ ይዘጋል፣ እንግዳው በአጀብ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል አዳራሽ፣ ከተማዋን በጥቁር መስታወት ነው የሚያያት። እኔ የማወራው የንብ ተመራማሪዋን ነው። ለሷ ማን መንገድ ይዘጋል? በእግሯ ነው የምትሄደው፣ ምዝገባዋን ራሷ ወይ ዩኒቨርሲቲዋ ይከፍላል፣ ማታ ወጥታ ትበላለች፣ ጉባኤው ሲያልቅ ሁለት ቀን ጨምራ ትዞራለች።

ሀገራት በዓለም አቀፍ ጉባኤ ስንተኛ ናቸው እያለ ደረጃ የሚያወጣው ኢካ፣ በ1963 የተመሰረተው ማኅበር፣ ደረጃውን ሲያወጣ የሚቆጥረው የንብ ተመራማሪዋን አይነት ነው። የማኅበር ጉባኤ መሆን አለበት፣ በየጊዜው የሚደረግ፣ ቢያንስ 50 ሰው ያለው፣ ቢያንስ በሶስት ሀገር መካከል የሚዞር። የመሪዎች ስብሰባ እዛ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንድ ባለስልጣን የመሪዎች ጉባኤ አስተናግዶ "የኮንፈረንስ ማዕከል ሆነናል" ሲል ብትሰሙ ፈገግ በሉ።

ሌላም ነገር፣ ከነዚህ የሚዞሩ ጉባኤዎች አብዛኞቹ ከ500 ሰው በታች ናቸው። ከ500 በታች! አንድ ደህና ሆቴል ወይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይችለዋል። 5 ሺህ ወንበር ያለው አዳራሽ ሳይኖርህ ገበያው ውስጥ ትልቁ ክፍል ክፍት ነው ማለት እኮ ነው። ቀላል ሂሳብ እንስራ፣ 400 ሰው ለ4 ሌሊት ቢያድር 1,600 የአልጋ ሌሊት ነው፣ እንደዚህ አይነት በአመት 20 ብታመጣ 32 ሺህ። መንገድ ሳይዘጋ። እሺ ኮመንቱ ተመልሷል፣ ካልተመለሰ ደግማችሁ ጻፉ፣ እኔ ጊዜ አለኝ።

በቃ አሁን ቴክኒኩን በፍጥነት፣ መሰረቱን ታውቃላችሁ ብዬ ነው። መጀመሪያ ኮንቬንሽን ቢሮ። ቢሮው የትኛው ማኅበር መቼ የት እንደሚሰበሰብ፣ አሁን ተራው የማን አህጉር እንደሆነ ይከታተላል፣ የሀገር ውስጥ አባሉን ፈልጎ ያገኛል፣ የውድድር ሰነዱን አብሮት ይጽፋል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከሚኒስቴሩም ከከንቲባውም ያመጣል፣ የሆቴል ዋጋ ቀድሞ ያስይዛል፣ ይሄ እንግዲህ ጉባኤው ከመድረሱ ሶስት አራት አመት በፊት። ካሸነፈ ጉባኤ አዘጋጅ ድርጅቱ ይረከባል፣ ምዝገባ፣ ፕሮግራም፣ ስፖንሰር። ቪዛ። ጉምሩክ። ለኤግዚቢሽን የሚገባ እቃ ታይቶ የሚመለስ ስለሆነ ቀረጥ ሳይከፈልበት እንዲገባ ኤቲኤ ካርኔ የሚባል ሰነድ አለ፣ በ1961 ስምምነት የመጣ፣ እስከ አንድ አመት ያገለግላል፣ ስምምነቱ ውስጥ ያልገባች ሀገር ግን ለእያንዳንዱ ማሽን ማስያዣ ትጠይቃለች፣ እቃውን ሊያሳይ የሚመጣውም "ይቅርብኝ" ይላል። አስተርጓሚ። በአንድ የትርጉም ዳስ ሁለት ሰው፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየተቀያየሩ፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይተርጉም የሚል አዘጋጅ ካያችሁ ሽሹ። አለቀ፣ ቴክኒኩ ይሄው ነው።

ሜዲካሉን ቃል ገብቻለሁ። ማኅበሩ ሁለት ሰው ይልካል። አስተናጋጁ ቀይ ምንጣፍ አንጥፎ ስለ ሀገሩ ታሪክ ሊያወራ ተዘጋጅቷል፣ እነሱ ምን እያዩ ነው? ሽንት ቤት እየቆጠሩ። እውነቴን ነው። 600 ሰው በ15 ደቂቃ እረፍት አንድ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል? ከዛ አዳራሹ መሃል ያለችውን ምሰሶ ያያሉ፣ ከኋላዋ ቁጭ ብለው ስክሪኑ ይታይ እንደሆነ ይሞክራሉ። የጭነት መኪናው በየት በር ነው የሚገባው? ጣሪያው ስንት ሜትር ነው? ከሆቴል አዳራሽ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ብለው ራሳቸው ይራመዱታል፣ ሰዓት ይዘው። አርክቴክቱ ለውበት ያቆማት ምሰሶ ጉባኤ ልታሳጣ ትችላለች፣ ምክንያቱም ሲገነባ የጉባኤ ሰው አልተጠየቀም።

[ስክሪን ላይ፦ ሃኖቨር፣ 1947]

አዳራሽ ሳይኖር ስለጀመሩት ደሞ ስሙ። 1947፣ ጦርነቱ ካለቀ ገና ሁለት አመቱ፣ ሃኖቨር ፍርስራሽ ናት። እንግሊዞቹ፣ ያን ጊዜ አካባቢውን የሚያስተዳድሩት፣ ጀርመን ዶላር እንድታገኝ የኤክስፖርት አውደ ርዕይ ይደረግ አሉ። የት? ከከተማው ዳር የተረፈ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ። 1,300 ገደማ ድርጅት እቃውን አቀረበ፣ በ21 ቀን ከ700 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ሆቴል የለም፣ ስለዚህ የከተማው ሴቶች መኝታ ቤታቸውን አከራዩ። ምግብ የለም፣ ጎብኚው ዳቦ በአሳ በላ። ዛሬ ከዓለም ትልልቆቹ የኢንዱስትሪ አውደ ርዕዮች አንዱ እሱ ነው። ሰው የመጣው ገዢና ሻጭ አንድ ቦታ ስለተገናኘ ነው።

ቅርብ ጊዜ ደሞ ኪጋሊ። አዎ እሷ አሪፍ አዳራሽ አላት፣ ሌሊት ስታበራ ሁላችሁም ፎቶዋን አይታችኋል፣ ኮመንት ላይ "ኪጋሊ በአዳራሿ ነው ያደገችው" ትሉኛላችሁ። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። አዳራሿ የተከፈተችው 2016 ነው፣ ግንባታው ቀደም ብሎ ቢጀመርም። የሩዋንዳ ኮንቬንሽን ቢሮ የተቋቋመው ግን 2014። ሪባኑ ሲቆረጥ የሚሸጠው ሰው ሁለት አመት ስራ ላይ ነበር። ከዛ በ2018 ለሁሉም ሀገር ዜጋ ቪዛ ሲደርስ ኤርፖርት ላይ፣ የራሷ አየር መንገድ እየሰፋ፣ በ2022 የኮመንዌልዝ መሪዎች፣ በ2023 የፊፋ ኮንግረስ። የመሪዎች ጉባኤም አስተናግዳለች፣ ግን እሱ ላይ አልቆመችም።

አሁን የኔን ሀሳብ ልናገር፣ ማይስማማ ይኖራል። ትልቁ ችግር ብር አይመስለኝም፣ ሰዓቱ ነው። ጉባኤ ተወዳድረህ የምታገኘው አራት አመት ቀድመህ ነው፣ የመንግስት በጀት ግን የአንድ አመት ነው። የቢሮው ኃላፊ ዘንድሮ የዘራውን የሚያጭደው ሌላ ሰው ነው፣ ስለዚህ ሪፖርት ላይ የሚጽፈው ነገር የለውም፣ ሪፖርት የሌለው ደሞ በጀቱ ይቀነሳል፣ ሚኒስትር ሲቀየር ቢሮው ከሌላ ክፍል ጋር ይዋሃዳል፣ የሚያውቁት ሰዎች ለቀው ይሄዳሉ፣ ስልካቸው ውስጥ ያሉት ግንኙነቶችም አብረው። እኔ ብሆን ለቢሮው የራሱ በህግ የታሰረ በጀት እሰጠዋለሁ። ደቡብ ኮሪያ በ1996 ለዚሁ ለጉባኤ ኢንዱስትሪ ብቻ ህግ አወጣች፣ ታይላንድ በ2002 ራሱን የቻለ ቢሮ በአዋጅ አቋቋመች። ቢሮው ደሞ የሚለካው ባስተናገደው ሳይሆን በተወዳደረበት ቁጥር ይሁን፣ ስንት ሰነድ አስገባ፣ ስንቱን ተሸነፈ፣ ለምን ተሸነፈ። ስንት ተሸነፍን ብሎ በግልፅ የሚያሳትም ቢሮ ካለ ጥቆማውን ላኩልኝ፣ ኢንተርቪው እጠይቀዋለሁ።

"ዙም እያለ" የምትሉም አላችሁ፣ አይቻለሁ። በ2020 የባርሴሎናው የሞባይል ኮንግረስ፣ የሞባይል ኢንዱስትሪው ትልቅ አመታዊ ጉባኤ፣ በኮቪድ ሲሰረዝ ያን ጊዜ ሁሉም "በቃ አለቀ" ብሎ ነበር። ዛሬም ባርሴሎና ነው፣ ዛሬም ሆቴሉ ይሞላል። ንግግሩን ዙም ይችለዋል፣ ኮሪደሩ ላይ የሚደረገውን ውል ግን አልቻለውም።

እሺ፣ የዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር አባል የሆናችሁ ተመልካቾች፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ አንድ የቤት ስራ። የማኅበራችሁ ጉባኤ በሚቀጥሉት አመታት የት እንደሆነ እዩ፣ ገና ያልተወሰነው የትኛው አመት ነው፣ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል? ለማኅበሩ ጸሐፊ ኢሜይል ብትልኩ ትነግራችኋለች። መልሱን ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ የሚገርመውን መርጬ አነባለሁ። በሚቀጥለው የኤግዚቢሽን ቦታ በካሬ ሲሸጥ ጥግ ላይ ያለው ዳስ ለምን እንደሚወደድ ነው፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት፣ ቻው።