«እሺ» አለኝ

እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ማይኩን የከፈትኩት።

ከነጠላ ሰረዙ ልጅ ጋር አወራን። ታውቁታላችሁ። ፕሮጀክታችንን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሶፍትዌር፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው በሌለበት ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ነጠላ ሰረዝ አርሞ የላከልኝ ልጅ። ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት አብረን አንግተናል። ከኮዱ ውስጥ ሰው የሚሸሸውን፣ ከባዱን ክፍል የጻፈው እሱ ነው።

በቪዲዮ ደወልኩለት። «ላይሰንሱን ልንቀይር ነው» አልኩት፤ ሶፍትዌሩን ማን፣ እንዴት መጠቀም እንደሚችል የሚወስነውን ፈቃድ ማለቴ ነው። ምክንያቱን ዘረዘርኩ። አንድ ትልቅ ድርጅት ሶፍትዌራችንን ወስዶ በራሱ ክላውድ፣ በኢንተርኔት በሚያከራያቸው ኮምፒውተሮች ላይ፣ ይሸጣል። ስህተቱን እኛ እናርማለን፣ ገንዘቡ እዚያ ይገባል። ሕግ አልጣሱም፤ ላይሰንሱ ይፈቅዳል፣ የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ግን ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ሄዱ። የሠራተኛ ደሞዝ ደግሞ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

ዝም ብሎ ሰማኝ። የውሃ ብርጭቆውን አነሳ። አፉ ጋ አደረሰና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ «እሺ» አለኝ። በቃ።

«እሺ» እንግዲህ ስንት ዓይነት ነው። ተስማምቻለሁ አለ። እንዳልክ ይሁን አለ። ከአሁን በኋላ አትንገረኝም አለ። ያቺን ድምፅ ደግሜ ደጋግሜ በጭንቅላቴ አጫወትኳት። ቶሎ ነው ያላት? ቆየት ብሎ ነው? አንዳንዴ ፈገግ ያለ ሁሉ ይመስለኛል። ብርጭቆው ግን...

ፈርሟል እኮ። ኮድ የሚያዋጣ ሁሉ የሚቀበለው ስምምነት አለ፤ ሥራውን በሌላ ላይሰንስ እንድናወጣ መብት ይሰጠናል። ጠበቃችንም «ችግር የለም» ያለችኝ እሱን ይዛ ነው። ግን ያኔ ተማሪ ነበር። ሰረዙ እንድትገባለት ብሎ ነው ያቺን «እስማማለሁ» የምትል ቁልፍ የተጫነው።

ደግሞ እኛ የመጀመሪያ አይደለንም። ትልልቅ የሶፍትዌር ድርጅቶችም አድርገውታል፤ በፈረንጆቹ 2018 ሞንጎዲቢ ላይሰንሱን ቀየረ፣ በ2021 ኢላስቲክ፣ በ2023 ሃሺኮርፕ። ሬዲስ በማርች 2024 ሲቀይር፣ ወሩ እንኳ ሳያልቅ ቫልኪ የሚባል ፎርክ መጣ፤ የድሮውን ክፍት ኮድ ቀድቶ በራሱ መንገድ የቀጠለ ማለት ነው። የሬዲስን ኮድ ለዓመታት ሲንከባከቡ ከነበሩት አንዳንዶቹ ወደዚያ ተሻገሩ። ኢላስቲክም ሬዲስም ኋላ ላይ ክፍት ላይሰንስ መልሰው ጨመሩ። ይሄን ሳነብ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። አላገኘሁም። የእኔ ጥያቄ ስለ አንድ ሰው ነው።

ሌላውን ስታዩት ደግሞ፣ 2014 ላይ ኸርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሲወጣ ዓለም ደነገጠ። ኦፕንኤስኤስኤል ማለት እኮ ኢንተርኔቱ የይለፍ ቃላችንን የሚሸፍንበት ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ነበር። ልገሳው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ! ያን ስሰማ ያለቀስኩትን አስታውሳለሁ። ያኔ ነው «እኔ ጋ የሚሠራ ሰው ሳይከፈለው አያድርም» ብዬ ለራሴ ቃል የገባሁት። ድርጅቱንም ያቋቋምኩት ለዚሁ ነው። ታዲያ አሁን ደሞዝ ለመክፈል ብዬ... እሱ ደግሞ ደሞዝተኛ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለቴም «እንዲሁ ይሻለኛል» ብሎኛል። ይሄን ለምን እንደረሳሁት አላውቅም። አሁን እያወራሁ ነው ትዝ ያለኝ።

ቆይ።

ትናንት ማታ ከዚያ ልጅ አንድ ፓች፣ የኮድ ማስተካከያ፣ መጣ። አሥራ አራት መስመር። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ቴስቱ ሁሉ አልፏል። ሁልጊዜ ከሥሩ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ፣ ምን እንደከበደው። አሁን መግለጫው ባዶ ነው። ቸኩሎ ይሆናል። ሰው ይቸኩላል።

የላከው በድሮው ላይሰንስ ሥር ነው፤ አዲሱ ገና አልወጣም። ይሄን አስቦበት ይሆን? እኔ ነኝ ያሰብኩት። ከፍቼ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። እስካሁን አላስገባሁትም። ልደውልለት ብዬ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ብደውልስ ምን ልለው ነው...