ፊደል የቆጠርንበት ቤት ሙዚየም ሆኗል
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ መምህሮቻችን፣ የዘንድሮ ተማሪዎች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ከአራት ኪሎ በእግር የመጣችሁ አሮጌውን ሕንፃ አይታችሁ ነው የገባችሁት። ፊደል የቆጠርንበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በሩም ክፍት ነው። ይህን ለመናገር በመብቃቴ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከተማችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ፣ ዛሬ ጎብኚ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ሳይቀር ያያል። የመኳንንቱ ቤት መጠበቁ ደግ ነው። የተማሪውስ? በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩ። ከእነሱ ፊት የተቀመጡት ልጆች ደብተር ዛሬ የት አለ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለችውን ዴስክ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ጥጓ ላይ የቀለም ብልቃጥ ማስቀመጫ ቀዳዳ አለ። ዙሪያው እስካሁን ሰማያዊ ነው። በቅርቡ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ቀዳዳው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከአባሎቻችን አንዱ አዛውንት አጠገቧ ቁጭ ብለው ብዕር እንዴት እንደሚነከር አሳዩዋት። ጠብታ ደብተር ላይ ስትወድቅ ምን ይደርስባቸው እንደነበርም ነገሯት። ልጅቷ ደወል እስኪደወል አልተነሳችም። ሙዚየም የከፈትነው ለዚህ ነው።

ስለ ጥገናውም ላንሳ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ እንጨቱ ይበሰብሳል። ኮሚቴው በጭቃና በኖራ ይሁን ብሎ የተሟገተው ለዚህ ነው። ቆርቆሮውና አሸንዳው ደግሞ ክረምት ሳይገባ መታየት አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም። እናም «ቶሎ እንጨርሰው» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ታገሡን።

አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሪፖርት ካርድ፣ ደብተር፣ የክፍል ፎቶ ካለ አምጡልን። መስጠት የከበደው ሰው ስካን አድርገን እንመልስለታለን። ፎቶው ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ስለሚያልፍ በእርሳስ ይሁን። ስማቸውን የማታውቁት ካለ እናትና አባቶቻችሁን፣ አክስት አጎቶቻችሁን ጠይቁ። ለዚህ ጊዜ አንስጠው፤ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው።

መዝጋቢዎቻችን ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ይጠብቋችኋል። አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።