ደብተሬ ፓስዎርድ አይጠይቀኝም

ክቡራን እንግዶች፣ የኮምፒውተር ሲስተም ባለሙያዎች ማኅበራችን መሥራቾች፣ ውድ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ድረስ ለመጣችሁ እጥፍ ምስጋና። አዳራሹን ለሰጡን፣ ቡናውን ላፈሉልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ከማይኩ ጋር ሲታገል ለነበረው ልጅም እግዜር ይስጥልን። 3 ሰዓት ተባብለን 4 ከሩብ ላይ ነው የጀመርነው። ስለዚህ የምስጋናውን ዝርዝር እዚህ ላይ ልቁረጠው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ዘንድሮ አልተርትም። አምና ተርቼው ነበር። ድሩም አላበረም፣ አንበሳውም አልታሰረም።

ዓመቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት ሥልጠና ሰጥተናል። የቢሮ ኪራይ ሳናጓድል ከፍለናል። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ ላይ የሕግ ባለሙያ ጋብዘን ግማሽ ቀን ተወያይተናል። ዌብሳይታችን ግን አሁንም «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» ይላል። መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ አባል የሚለየውም ገንዘብ ያዣችን በእስክሪብቶ ከሚሞሉት ደብተር ላይ ነው። ለሰው ሲስተም እንሸጣለን፣ ለራሳችን ደብተር። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እኛ ነን።

ይሄን በሳቅ ማለፍ ይቻል ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ግን ከዚሁ ደብተር ጋር ስለሚገናኝ ላቆየው አልፈልግም።

ብዙዎቻችሁ ታሪኩን በወሬ ሰምታችኋል። ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ አንድ ነጋዴ አሉ። አንድ አባላችን የዕቃ ክምችትና የሽያጭ ሲስተም ሠራላቸው። ጥሩ ሥራ ነው፣ አይቼዋለሁ። አማርኛ ይናገራል። ጳጉሜን ያውቃል። የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 ከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከውጭ በመጣ ሶፍትዌር ላይ ሐምሌ 1ን ከጁላይ 8 ጋር ለማስታረቅ የታገለ የሒሳብ ሠራተኛ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መጋዘን ጠባቂው እንኳ በሁለት ሳምንት ለምዶት ነበር።

ከዚያ ሌላው አባላችን መጣ። በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ አለ። ነጋዴው ተቀበሉ፤ ነጋዴ ናቸውና አልፈርድባቸውም። የመጀመሪያው አባላችን ገና ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ነበረው። እውነቱን ለመናገር፣ ብሩ ይገባዋል። ግን ብሩን የጠየቀው የአድሚን ፓስዎርዱን፣ የሲስተሙን ዋና ቁልፍ፣ ቀይሮ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ ዳታቤዙን በፍላሽ ገልብጦ ወስዶ ኖሯል። የደንበኞች ስምና ስልክ፣ የማን ዱቤ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም ኪሱ ውስጥ። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ በቁጥር 1321/2016፣ ላይ በተወያየንበት ዕለት ሁለቱም ፊት ለፊት ተቀምጠው ማስታወሻ ሲይዙ ነበር፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ሱቁ አንድ ሳምንት ሙሉ በግምት ሸጠ። በስምንተኛው ቀን ነጋዴው ደወሉልኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ስሚ እህቴ» አሉኝ፣ «እኔ ወደ ደብተሬ ተመልሻለሁ። ደብተሬ ፓስዎርድ አይጠይቀኝም።»

ሄጄ አየሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ጨርቅ አልብሰውታል። እንግዲህ ከአጠገባቸው ስንት ሱቅ እንዳለ አስቡት። በዚያ ተራ ሲስተም ልትሸጡ ብትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋጋ አይመስለኝም። «ብትጣሉስ?» ነው የሚሏችሁ።

ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር «ነጋዴው ቴክኖሎጂ አይገባውም» እንላለን። እኔ ከአሁን በኋላ አልቀበለውም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀምር «ገበያው አይለምደውም» ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጠዋ ልጅ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቅላለች። ሰው የጠቀመውን ነገር ለመልመድ አይዘገይም። ድሮ ነጋዴው ሲስተም ማስገባት ገቢዎችን ቤት ማስገባት ይመስለው ነበር። ያ ፍርሃት እየቀነሰ ነው። አሁን የሚፈራው እኛን ነው።

ይሄ ደግሞ የመጣው በማይሆን ሰዓት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ 100 አለፈ። በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር የያዘ ድርጅት ሁሉ «በብር የሚከፈል የአገር ልጅ ሥራ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ለእኛ ሠርግ ነበር። እኛ ግን ድንኳኑ ሥር ተጣላን።

እስቲ ስለ ግንኙነታችን በግልጽ እናውራ። እርስ በርስ የምንደዋወለው መቼ ነው? ለውድድር ሦስተኛ ፕሮፎርማ፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሲጎድለን። «ትንሽ ከፍ አድርገህ ሙላልኝ» ለማለት። (አትሳቁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።) ቴሌግራም ግሩፓችን በዓል ሲሆን በአበባ ስቲከር ይጥለቀለቃል። «ይሄ ሥራ ከአቅሜ በላይ ነው፣ አብሮኝ የሚሠራ አለ?» የሚል መልእክት ግን ዘንድሮ አንድም አላየሁም። አንዱ ኔትወርክ ዝርጋታ ይችላል፣ ሌላዋ ሞባይል አፕ ትሠራለች፣ ሌላው ሒሳብ ያውቃል። ጨረታ ሲወጣ ግን ሁላችንም «ሁሉንም እንሠራለን» ብለን እንገባለን። ከዚያ ሁላችንም እንጨነቃለን።

ራሴን ነፃ አላወጣም። ከአራት ዓመት በፊት የአንድ ባልደረባዬን ምርጥ ዲቨሎፐር ደሞዝ ጨምሬ ወሰድኩበት። ሳልደውልለት። ልጁ በስድስተኛው ወር እኔንም ጥሎኝ ሄደ። ባልደረባዬ ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። በግል ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በእናንተ ፊት።

ሥራ አስፈፃሚው በኅዳር አንድ ገጽ ሰነድ አዘጋጅቷል። የርክክብ ስምምነት ነው። ደንበኛ ባለሙያ ሲቀይር የቀድሞው ፓስዎርዱንና ሙሉ ባክአፑን፣ የመረጃውን ቅጂ፣ በ5 የሥራ ቀን ያስረክባል። የደንበኛውን መረጃ ከላፕቶፑ ያጠፋል። አዲሱ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ለቀድሞው ይደውላል። ቀሪ ክፍያ ካለ ሽማግሌ ያየዋል፣ ሲስተም ተዘግቶ ሰው አይያዝም።

«ፓስዎርዱን ካስረከብኩ ማን ይከፍለኛል?» ያላችሁኝ አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ውሉ ላይ ነው። ክፍያውን ከፋፍላችሁ ጻፉት። ገሚሱን በቅድሚያ፣ የተወሰነውን መረጃው ገብቶ ሲያልቅ፣ ትንሹን ብቻ ለመጨረሻ አስቀሩ። አሁን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ደንበኛው እንዳያመልጠን «ኋላ ትከፍላለህ» እንላለን፣ ኋላ ደግሞ ቁልፉን ይዘን እንለምናለን። ኮዱ የማን እንደሚሆንም ከመጀመሪያው ይጻፍ። ግማሽ ገጽ ውል ይሄን ሁሉ ጭቅጭቅ ያስቀር ነበር።

ከኅዳር እስከ ዛሬ የፈረሙት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አምስቱ ሥራ አስፈፃሚዎች ነን።

ወንበሩን ተመልከቱት። ግማሹ ባዶ ነው። የመጣችሁትን መውቀስ ላልመጡት ማድላት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስብሰባው ይቀረጻል፣ ግሩፑም ላይ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ላልመጣችሁት እናገራለሁ። «ማኅበሩ ምን ጠቀመኝ?» የምትሉትን እሰማለሁ። መዋጮውን ከከፈላችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችኋል። የጨረታ ማስታወቂያ ስንለጥፍ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ማን እንዳየ ይታያል እኮ፣ የሙያችን ጉዳይ ነው።

ከሁለቱ አባሎቻችን አንዱ እዚህ አለ። ስሙን አልጠራም። መምጣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው አልመጣም። ወንድሜ፣ ይሄን ስትሰማ ደውልልኝ። ቀሪ ክፍያህን ከነጋዴው ጋር ተነጋግሬበታለሁ፣ በሩን አልዘጉትም። ሰኞ ከሰዓት ሱቃቸው እሄዳለሁ። ሁለታችሁም አብራችሁኝ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ያ ፍላሽም አብሮ ይምጣ።

ሰነዱ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አዎ፣ ወረቀት ነው፤ ዌብሳይቱ እስኪደርስ። ገንዘብ ያዣችን ከነደብተራቸው እዚያው ተቀምጠዋል። ከሻይ በፊት እለፉባቸው። አሁን ወደ ኦዲተሩ ሪፖርት እንሂድ።