አንድ ጠረጴዛ ስጡልን

የተከበራችሁ የከተማችን ኃላፊዎች፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ድሬዳዋ የቴክኖሎጂ ዕድል እንድናገር ነው። በመጀመሪያ ግን ስለ አባቴ ላውራችሁ።

አባቴ የምድር ባቡር የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስደርስ ሁሉም አንድ የተሰበረ ብረት ከበው ቆመዋል። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። አንድ አዛውንት ስብርባሪውን ለካ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣለው፣ ከዚያ ማሽኑን አስነሳ። ለማጆቹ ከኋላው ተደርድረው ያያሉ። ወደ ማታ ብረቱ ተሠርቶ አለቀ። አባቴም ሙያውን ያገኘው እንደዚያው፣ ከእኚህ ሰውዬ አጠገብ ቆሞ ነው። ዲፕሎማ አልነበረውም።

ድሬን የሠራት ይሄ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የሐረርን ተራራ ትቶ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማ አልነበረም። ስሙንም አዲስ ሐረር ብለውት ነበር። ሐዲዱ ሰው አመጣ፣ ወርክሾፑ ደግሞ ባለሙያ አደረገው።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ነሐሴ 2014 ነፃ የንግድ ቀጠናው እዚህ ተመረቀ። በዚያው ወር ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ በድሬ ጀመረ። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

አንድ ያስተማርኩት ልጅ አለ። የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ባለቤቶች የት ጭነት እንዳለ በስልካቸው የሚያዩበት ፕሮግራም ሠራ። አሸዋ ሰፈር አክስቱ ቤት፣ ማታ ማታ፣ በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ። ፈቃድ ሊያወጣ አንድ ቢሮ ሄደ። «የሥራ ቦታህ ስንት ካሬ ሜትር ነው?» አሉት። ላፕቶፑን አሳየ። «ማሽንህስ የት ነው የተተከለው?» አሉት። አሁንም ላፕቶፑን አሳየ። የኪራይ ውል አምጣ ተባለ። ውሉን ይዞ ሲመለስ ቤቱ ለንግድ አይሆንም ተባለ። አራት ወር እንደዚህ ሄደ። አቦ፣ አራት ወር! ዛሬ ልጁ አዲስ አበባ ነው። ስድስት ሰው ቀጥሯል። ግብሩንም የሚከፍለው እዚያ ነው።

ኃላፊዎቻችን፣ ይሄን ልጅ ማን አባረረው? ፈረንጅ ኢንቨስተር ሲመጣ ኤርፖርት ድረስ ሄደን እንቀበላለን። የአሸዋን ልጅ በር ላይ እናቆመዋለን! ለፋብሪካ ሼድ ስጡ፣ አልቃወምም። ኮድ ለሚጽፍ ልጅ ግን ሼድ ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈልገው ጠረጴዛ፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ እና አጠገቡ የሚቆም አንድ የበሰለ ባለሙያ ነው።

ብድርም አለ። ባንኩ ቤት ወይ መኪና አስይዝ ይላል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከየት ያመጣል? ይሄም ይታይልን። ዩኒቨርሲቲያችንም ላብራቶሪውን ቅዳሜና እሁድ ቢከፍትልን ጥሩ ነው።

ዋናው ጥያቄዬ ግን አንድ ነው። ከተማው አንድ አዳራሽ ይስጥ። ሃያ ጠረጴዛ ይግባበት። እዚያ ጠረጴዛ ያለው ልጅ አድራሻ አለው ተብሎ ፈቃድ ይሰጠው። የራሴን ሙያ፣ ኤሌክትሮኒክስ ጥገናን፣ እኔ በሳምንት ሦስት ማታ፣ ያለ ክፍያ፣ እየመጣሁ አስተምራለሁ። አዳራሹ እስኪገኝም ሱቄ ውስጥ ለሁለት ልጆች ቦታ አለኝ። ከተመራቂዎቹ የሚፈልግ ካለ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይምጣ።