ተመስገን ከማለቴ በፊት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

"እንዴት ነህ?" ስንባል "ተመስገን" እንላለን። ኪሱ ባዶ የሆነውም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ የሚያቃጥለውም መልሱ ያው ነው። ደስ ይለኛል፣ እወደዋለሁ። የማልወደው ሌላ ነገር ነው። ሰው ብሶቱን ሲያወራ "አመስግን እንጂ፣ ካንተ የባሰ አለ!" የሚሉት ነገር። የሌላው መከራ ለኔ እንዴት መጽናኛ ይሆናል?

ሰሞኑን ትንቢተ ዕንባቆምን ሳነብ ነበር። 3 ምዕራፍ ብቻ ናት። መጨረሻዋን ብዙዎቻችን እናውቃታለን፤ በለስ ባታፈራም፣ በጎች ከበረት ቢጠፉም፣ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለውን። አጀማመሯን ግን ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ያየሁት ሰው የለም። ነቢዩ የሚጀምረው "እስከ መቼ ነው የማትሰማኝ?" ብሎ ነው። ግፍ በዛ፣ ፍርድ ተጣመመ ይላል። እግዚአብሔርም "ዝም በልና አመስግን" አላለውም፤ መለሰለት። መልሱ ደግሞ የሚያስደስት አይደለም፤ ከለዳውያን፣ ማለትም የባቢሎን ሰዎች፣ ሊወሩ እየመጡ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ዕንባቆም በመጨረሻ የዘመረው ነገሩ ተስተካክሎለት አይደለም። ሊያጣ የሚችለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው። በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ላሞቹን ሳይቀር።

ይሄን ሳይ ቀለል አለኝ።

እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። ቀድሞ የሰማ ሰው በር እያንኳኳ "ውሃ መጣ!" ይላል። ከዚያ ሕንፃው በሙሉ ይነሳል። ጄሪካን ይጋጫል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ በቁምጣ ሌላዋ በጋቢ ደረጃው ላይ ይተላለፋሉ። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያደርሱት አራተኛ ፎቅ ላሉት እማማ ነው። እሳቸውም ከላይ ሆነው "እደጉ፣ ወልዳችሁ ሳሙ!" ይላሉ። ገና ሃያ ያልሞላውን ልጅ! በሳቅ እንሞታለን። እንቅልፍ አጥተን፣ ወገባችን ተቆርጦ፣ እንስቃለን።

ይህ ደስታ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እላለሁ። ውሃው በየጊዜው መጥፋቱ ግን ልክ አይደለም፤ ይሄንንም እላለሁ። አንዱን ለማለት ሌላውን መዋጥ የለብኝም።

አሁን ማታ ስጸልይ ከስሞታዬ ነው የምጀምረው። የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን ዋጋ፣ የእናቴን የጉልበት ሕመም፣ ስም እየጠራሁ። አንዳንድ ቀን ስሞታው ብቻውን ጸሎቱን ይጨርሰዋል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ስሞታው ያልቅና የእማማ ምርቃት ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ተመስገኑ ሳልጠራው ይመጣል።

እናንተስ ከየቱ ትጀምራላችሁ? ጻፉልኝ። ሳምንት እንገናኝ፣ ደህና ቆዩ።