አልጋ ላይ የተፈረመ ውል

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የሩት ብራውን ድምፅ አልለቅ ብሎኛል።

በተለይ አንድ ነገሯ። ቃሉን ልትጨርስ ስትል ድምጿ ድንገት ስንጥቅ ይልና ወደ ላይ ያመልጣል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን «ተበላሸ፣ እንድገመው» ይል ነበር። እሷ መታወቂያዋ አደረገችው። በ1950 የወጣውን «ቲርድሮፕስ ፍሮም ማይ አይዝ» ስትሰሙ ጆሯችሁን እዚያ ላይ ጣሉልኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) በአር ኤንድ ቢ (ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) የደረጃ ሰንጠረዥ 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየ ዘፈን ነው።

ሩት የፖርትስማውዝ፣ ቨርጂንያ ልጅ ናት። አባቷ ወደብ ላይ ይሠራል፣ የቤተክርስቲያን መዘምራን ይመራል፣ ዓለማዊ ዘፈን አይወድም። በ17 ዓመቷ ከአንድ ትራምፔት ነፊ ጋር ከቤት ጠፋች።

በ1948 ወደ ኒው ዮርክ ስትሄድ መኪና ተጋጨባትና ክፉኛ ተጎዳች። ወራት ተኛች። ያኔ ገና ዳዴ ይል ከነበረው ከአትላንቲክ ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ጋር የተፈራረመችው እዚያው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 1949፣ በ21ኛ ልደቷ። ኋላ ኩባንያውን «ሩት የሠራችው ቤት» ይሉት ጀመር።

ታዲያ የቤቱ ባለቤት በስልሳዎቹ ምን ስትሠራ ነበር? ሎንግ አይላንድ ላይ የሰው ቤት ታጸዳለች፣ የተማሪ አውቶቡስ ትነዳለች። የምታሳድጋቸው ልጆች አሉባት።

የውሉ ሒሳብ እንዲህ ነው። የስቱዲዮው ወጪ፣ የሙዚቀኞቹ ክፍያ ከዘፋኟ ድርሻ ይቆረጣል። ዘፈኑ ይሸጣል፣ መዝገቡ ላይ ግን እሷ ሁሌም ባለዕዳ ናት። እኔ አንዴ የቤት ኪራይ ውል ሳላነብ ፈርሜ፣ ስለቅ ለቀለም ተብሎ የሁለት ወር ኪራይ ቀርቶብኛል። ያውም በሁለት እግሬ ቆሜ ነው የፈረምኩት። ተኝቶ የሚፈርምማ ስንት ገጽ ያነባል?

ሩት ግን ዝም አላለችም። ሃውል ቤግል የሚባል ጠበቃ፣ ራሱም አድናቂዋ፣ ነገሩን ያዘላት። ዓመታት ፈጀ። በ1988 ኩባንያው የእሷንና የዘመን አጋሮቿን ዕዳ ሰረዘ፣ የኋላ ሮያሊቲ፣ ማለትም ካለፉት ዓመታት ሽያጭ የሚገባቸውን ድርሻ፣ ሊከፍልም ተስማማ። የዚህን ሙዚቃ አርቲስቶች የሚረዳው የሪትም ኤንድ ብሉዝ ፋውንዴሽንም ከዚያ ተወለደ። በማግስቱ ዓመት «ብላክ ኤንድ ብሉ» በተባለ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ትርኢት ላይ ተውና ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቴአትር ሽልማት ወሰደች፤ 61 ዓመቷ ነበር።

ዘፈኑን እዚሁ ብከፍትላችሁ ደስ ባለኝ። የባለመብት ጥያቄ አለበት። ዛሬ እሱን እንኳ አልቀልድበትም፤ እናንተው ፈልጋችሁ አድምጡት።